አንድ ዓይን ለማን ይሳላል?

በግቢያችን ፊልም የሚሠሩ ተማሪዎች ቍጥር ከዓመት ወደ ዓመት እየጨመረ መሄዱ ደስ ያሰኘናል። ካሜራ በኪስ ከገባ ወዲህ ገንዘብ የለንም የሚለው ምክንያት አቅም አጥቷል። የሚያሳዝነን ፊልሙ ተሠርቶ የማስታወቂያው ሥዕል ሲወጣ ነው። ፊልሙ ጭራቅ የማይታይበት፣ ሰው ከገዛ ሐሳቡ ጋር ተዘግቶበት የሚሸበርበት ዓይነት ሆኖ ሳለ፣ ማስታወቂያው ጥቁር መደብ፣ የራስ ቅልና ደም የሚያንጠባጥብ ፊደል ነው። ሦስቱም ከውጭ አገር የተቀዱ ናቸው። መቅዳት ኀጢአት አይደለም፤ የተቀዳው ነገር በኛ ዘንድ ምን ትርጕም እንዳለው ሳይጠይቁ መቅዳት ግን ስንፍና ነው እንላለን።

ደሙን እንመልከት። በብራና መጻሕፍታችን ቀይ ቀለም የሚወጣው ለፈጣሪ፣ ለእመቤታችንና ለቅዱሳን ስም፣ እንዲሁም ለንባብ መክፈቻ ነው። ቀይ ፊደል ማለት ክብር ነው። ታዲያ የፊልሙን ስም በቀይ ጽፎ ማንጠባጠብ ለማን ምን ይናገራል? ፊደላችንስ ቢሆን ማስፈራት ከተፈለገ የራሱ እግር አለው። በአንድ ቃል ውስጥ የአንዲቱን ፊደል እግር በጥቂቱ ማሳጠር ብቻ አንባቢውን ምክንያቱን ሳያውቅ ያናጋዋል፤ ይህንንም የሞከረ ተማሪ እስከ ዛሬ አላየንም።

ፈረንጆቹም ቢሆኑ የተሻሉቱ ደም አይወዱም። በፈረንጅ አቈጣጠር በ1968 ለወጣው «የሮዝመሪ ልጅ» ለሚባለው ፊልም የተሠራው ማስታወቂያ አረንጓዴ ቀለም የለበሰ የተንጋለለች ሴት ፊትና በድንጋያማ ኮረብታ ላይ የቆመ አንድ የሕፃን ጋሪ ብቻ ነው። ሶል ባስ በ1980 ለ«ዘ ሻይኒንግ» የሠራው ደግሞ ደማቅ ቢጫ ነው፤ በፊደሎቹ መካከል አንድ ፊት አፍጥጦ ይታያል። ቢጫ! ጨለማ የግድ ነው የሚሉ ወዳጆቻችን ይህን ቢያስቡበት መልካም ነው።

የኛ ደብተሮች ግን ይህን ሥራ ከሶል ባስ በፊት ያውቁት ነበር። ክታብ በባለቤቱ ቁመት ልክ ከብራና ይዘጋጃል፤ በጸሎቱ መካከል ጠልሰም ይሳልበታል፤ በጠልሰሙም ላይ የሚበዛው ዓይን ነው። አሳቡም እንዲህ ነው፤ በበሽተኛው ያደረው መንፈስ የሚያየው በበሽተኛው ዓይን ስለ ሆነ፣ በሽተኛው ሥዕሉን ሲመለከት መንፈሱ ደንግጦ ይለቃል። ማመን አለማመን የየራሳችን ጉዳይ ነው። የሥዕል ጥበቡን ግን ልብ እንበል፤ እኛ ሥዕሉን የምናይ ይመስለናል እንጂ የሚያየን ሥዕሉ ነው። እንዲህ ያለ ሥዕል በስልክ መስተዋት ላይ እንደ ጥፍር ቢያንስ እንኳ አይጠፋም፤ የዛሬ ማስታወቂያ ደግሞ በግድግዳ ላይ ከሚታየው ይልቅ በስልክ የሚታየው ይበዛል።

አሁን ታሪኩ መተማ ዮሐንስ ላይ የሚፈጸም ፊልም አለ እንበል። ሠዓሊው ምን ይሣል? ጥቁር መደብ እዚያ አይሠራም። በመጋቢትና በሚያዝያ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በላይ ይወጣል፤ በቆላው ሰውን የሚያሸብረው ቀትር ነው። ሰሊጥ ከታጨደ በኋላ ነዶው ፍሬው እስኪደርቅ ድረስ ቀጥ ብሎ ይቆማል። ከሩቅ ላየው ሰው ጋቢ ተከናንበው የቆሙ ሰዎች ይመስላል። ከደጋ ለአጨዳ የወረደ ወጣት፣ በካላዛር ይሁን በወባ ትኵሳት እየነደደ፣ ያን መስክ ሲመለከት ምን ያይ ይሆን? እኛ ብንሆን ነጣ ያለ ቢጫ መደብ፣ በመስመር የቆመ ነዶ፣ ከነዶዎቹም መካከል ጥላው ወደ ሌላ አቅጣጫ የወደቀ አንድ ብቻ እንሥል ነበር። ይበቃል። የካላዛርን ትንኝ ማጕላት፣ የተሰነጠቀውን መረሬ መጨመር አያስፈልግም፤ እናት በደጋ ሆና የምትፈራው ሁሉ በዚያች ጥላ ውስጥ አለ።

ነገር ግን ብዙ ሠዓልያን ወደዚያ አይሄዱም ብለን እንሠጋለን፤ ወደ ፊት ይሄዳሉ። የሰው ፊት ማለታችን ነው። እዚህ ላይ ነው ክርክራችን የሚጠነክረው። በቤተ ክርስቲያን ሥዕል ጻድቅ ፊቱን ወደኛ መልሶ በሁለት ዓይን ይሣላል፤ ክፉ ወደ ጐን ዞሮ በአንድ ዓይን ይሣላል። የጦርነት ሥዕሎቻችንም ይህንኑ ሥርዓት ወስደው ጠላትን ባለ አንድ ዓይን አድርገውታል። ለአስፈሪ ፊልም ከዚህ የተሻለ የአገር ምልክት አይገኝም፤ አንድ ፊት በአንድ ዓይን ብቻ። እኛም እንወደዋለን። ጥያቄያችን የማን ፊት ነው የሚለው ነው።

ድርቡሾች በ1880 ዓ.ም. ጐንደርን አቃጥለዋል። በመጋቢት 1881 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ መተማ ላይ ቈስለው ሞተዋል፤ ራሳቸውም ተቈርጦ ወደ ኦምዱርማን ተወስዷል። ከተማዪቱ የያዘችው ስም የርሳቸው ነው። ስለዚህ አንድ ጐበዝ ሠዓሊ ለመተማ ፊልም ጥምጥም ያለው ባለ አንድ ዓይን ሰው ቢሥል ማንም አይደነቅም፤ እጁ ሳያስብ የሚሄደው ወደዚያ ነውና። ሆኖም በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ሱዳን ውስጥ ጦርነት ሲነሣ ልጆቻቸውን ይዘው በዚያው በር የገቡት ጥምጥም የሚጠመጥሙ ሰዎች ናቸው። ወይም ደግሞ የጉሙዝን ሰው ቢሥል? በዚያ ቆላ ስንት ዘመን ለባርነት የታደነው ማን ሆነና ነው እርሱ አስፈሪ፣ እኛ ፈሪ የምንሆነው? በ19ኛው መቶ ዓመት በመተማ ገበያ ሰው እንደ ቡናና እንደ ሰም ይሸጥ ነበር። የፍርሀት ፊልም ከተሠራ ያ ገበያ ከበቂ በላይ ነው፤ በዚያም ባለ አንድ ዓይኑ ሻጩ ነው።

ሌላው ቀላሉ መንገድ እብድን መሣል ነው፤ ጠጕሩ የተንጨባረረ፣ እጁ በሰንሰለት የታሰረ። ይህ ሰው በየቤታችን አለ፤ ከዚህ ግቢ ተማሪዎች መካከል ወንድሙን ወይም እኅቱን ወደ ጠበል ያደረሰ ብዙ ነው። እርሱን ጭራቅ አድርጎ ግድግዳ ላይ መለጠፍ እንኳን ለፊልሙ ለሥዕሉም አይረዳም፤ ተመልካቹ እኔ እንዲህ አይደለሁም ብሎ ተረጋግቶ ያልፋልና። የበላዔ ሰብእን ታሪክ የሳሉ አባቶች ሰባ ስምንት ሰው የበላውን ሰው ሲሥሉ ለተጠማ የሰጣትን እፍኝ ውሃ አልተዉም። ያችን ውሃ ስናይ ነው ሰውዬው እኛን መምሰል የሚጀምረው፤ የሚያስደነግጠንም ያን ጊዜ ነው።

አሳባችንን የማይቀበሉ ወዳጆች እንዳሉ እናውቃለን፤ ደም ያለበት ማስታወቂያ ሕዝብ ይሰበስባል ይሉናል። እንግዲያው ይሞከር። ሁለቱንም ሥዕል ሠርተው፣ ፊልሙን ከማሳየታቸው በፊት፣ በመተማ ዮሐንስ በገበያ ቀን አንድ ግድግዳ ላይ ጐን ለጐን ይለጥፏቸው፤ ከደጋ የመጣው አጫጅ፣ የጉሙዙ ሰው፣ ሱዳናዊው ነጋዴም በየትኛው ፊት ቆመው እንደሚቈዩ ራቅ ብለው ይመልከቱ።