ቪዲዮው መቼ ነው የተቀረጸው?

የፔሮል አሠራር የሚያስተምር ቪዲዮ ስልካችሁ ላይ ካለ እስኪ ከፍታችሁ እዩት። ከግብር ነፃ የሆነው ደመወዝ 600 ብር ነው የሚል ከሆነ ጊዜው አልፎበታል። በሐምሌ 2017 ዓ.ም. የጸደቀው የገቢ ግብር ማሻሻያ 600 የነበረውን 2,000 ብር አድርጎታል፤ እርከኖቹንም ቀይሯል። ወር ላይ 10,000 ብር የሚያገኝ ሠራተኛ በድሮው ሰንጠረዥ 2,045 ብር ይቆረጥበት ነበር፤ በአዲሱ 1,650 ብር ነው። ልዩነቱ 395 ብር። ኮርሱን ጨርሶ፣ ሰርተፍኬቱን ይዞ ለሥራ ፈተና የተቀመጠ ልጅ መደመርና መቀነሱን አንድም ቦታ ሳይስት ሊወድቅ ይችላል ማለት ነው። ጥፋቱ ደግሞ የሱ አይደለም፤ የተማረው ልክ እንደተነገረው ነው።

ይህን የማነሳው ሰሜን ወሎን እያሰብኩ ነው። ወልድያም ሆነ መርሳ ላይ «ኦንላይን ኮርስ» የምንለው ነገር ብዙ ጊዜ ኦንላይን አይደለም። አንዱ ዋይፋይ ያገኘ ቀን ያወርደዋል፤ ከዚያ በፍላሽ፣ በሜሞሪ ካርድ፣ በቴሌግራም ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል። ከመርሳ ወጥቶ ወደ ሐብሩ ገጠር ቀበሌዎች ሲደርስ ማን እንዳዘጋጀው እንኳ የሚያውቅ የለም፤ የቀረው «ሙሉ ኮርስ ፋይናል» የሚል የፋይል ስም ብቻ ነው። (ይህች «ፋይናል» የምትባል ቃል ስንቱን ጉድ እንደሠራች!) አዘጋጁ ድረ ገጹ ላይ ትምህርቱን ቢያድስ እድሳቱ ሐብሩ አይደርስም። ፍላሽ ላይ የተገለበጠ ትምህርት የተገለበጠበት ቀን ላይ ቆሞ ይቀራል።

ልማዱ ከስንፍና የመጣ እንዳይመስላችሁ። በ2013 መጨረሻ ጦርነቱ ወልድያ ሲደርስ ስልኩም መብራቱም ለወራት ጠፍቶ ነበር፤ ወልድያ ዩኒቨርሲቲም ተዘርፏል። ከዚያ አገገምን ስንል በ2015 ማብቂያ ላይ በአማራ ክልል የሞባይል ዳታ ተዘጋ፤ እሱም ለወራት ቆየ። ያኔ አስቀድሞ ያወረደ ተማረ፣ ያላወረደ ቁጭ አለ። ስለዚህ «ገብታችሁ አዲሱን ተከታተሉ እንጂ» የሚለው ምክር፣ ኔትወርክ ተቋርጦበት ከማያውቅ ሰው አፍ ሲወጣ ትንሽ ያናድደኛል።

የተመረቅኩት በኢኮኖሚክስ ስለሆነ የራሴን መስክ ላንሳ። ከ2016 በፊት የተቀረጸ የማክሮ ኢኮኖሚክስ ማጠናከሪያ ስለ ኢትዮጵያ ሲያወራ፣ የምንዛሪ ተመኑን ብሔራዊ ባንክ ነው የሚቆጣጠረው ይላችኋል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ያ ታሪክ ሆነ፤ ተመኑ ለገበያው ተለቀቀ። 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን አለፈ። በዚያው ወር ብሔራዊ ባንክ የፖሊሲ ወለድ ተመን የሚባል ነገር በ15 በመቶ ጀመረ። በዚያው ሰሞን ተጨማሪ እሴት ታክስም አዲስ አዋጅ ወጣለት። አንድ ወር! በዚያ አንድ ወር ውስጥ ስንት የትምህርት ቪዲዮ እንዳረጀ አስቡት። ከ2015 ጀምሮ ደግሞ የዩኒቨርሲቲ መውጫ ፈተና አለ፤ ብዙ ተማሪ ለሱ የሚዘጋጀው በነዚሁ ከቻናል ወደ ቻናል በሚዞሩ ፋይሎች ነው።

ቴክኖሎጂው ጋ ሲኬድ ይብሳል። ጎግል ለአንድሮይድ መተግበሪያ ሥራ ኮትሊንን እንደሚያስቀድም የተናገረው በፈረንጆቹ 2019 ነው። በ2021 ደግሞ ጄትፓክ ኮምፖዝ መጣና የስክሪኑ አሠራር ራሱ ተቀየረ። ዲጂታል ማርኬቲንግ የሚያስተምረው አሮጌ ኮርስ የሚያሳያችሁ የጎግል አናሊቲክስ ገጽ በ2023 አጋማሽ መረጃ መሰብሰብ ያቆመውን ነው። ልጁ በተቆራረጠ ኔትወርክ አካውንት ከፍቶ ሲገባ ቪዲዮው ላይ ያለው ቁልፍ የለም። ችግሩ የኔ ነው፣ አልገባኝም ይልና ይተወዋል። እኔን ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ይሄ ነው። ያባከነው ዳታ በሌላ ፓኬጅ ይተካል፤ «እኔ ለዚህ አልሆንም» ብሎ የዘጋው ልብ ግን በቀላሉ አይከፈትም።

«መሠረቱ እኮ አይቀየርም» የሚሉ አሉ፣ እውነትም አላቸው። ዴቢትና ክሬዲት ያው ነው። የፍላጎትና አቅርቦት መስመር ያው ነው። እንዲያውም አሮጌ ሁሉ ክፉ አይደለም፦ ፒችትሪ የሚባለው የሂሳብ ሶፍትዌር ስሙ ወደ ሴጅ 50 ከተቀየረ ከአሥር ዓመት በላይ ሆኖታል፤ እኛ አገር የሥራ ማስታወቂያ ላይ ግን ዛሬም «ፒችትሪ የሚችል» ይላል። ቀጣሪው ቢሮ ያለው አሮጌው ከሆነ አሮጌውን ማወቅ ነው የሚያበላው። ታዲያ ችግሩ የቱ ጋ ነው? የማይቀየረውና በየዓመቱ የሚቀየረው በአንድ የሦስት ሰዓት ቪዲዮ ውስጥ ተደባልቀው መቀረጻቸው ነው። የግብሩ ሰንጠረዥ ሲቀየር ሦስቱም ሰዓት አብሮ ይበላሻል፤ አስተማሪውም ሁሉንም ደግሞ መቅረጽ ስለሚታክተው ይተወዋል።

ሐብሩ ውስጥ ይህን ነገር ከኛ ቀድሞ የሚያውቀው ገበሬው ነው። ወረዳው ውስጥ ያለው የስሪንቃ ግብርና ምርምር ማዕከል ዝርያ እያሻሻለ ማውጣት ሥራው ነው፤ የተዳቀለ በቆሎ የሚዘራ ሰውም ዘሩን በየዓመቱ ማደስ እንዳለበት ያውቃል፣ የአምናውን መልሶ ቢዘራው ምርቱ ይቀንስበታል። ማደሻ ወጪው ከመጀመሪያው የታሰበ ነው። ኮርስ ላይ ግን ገንዘቡ ሁሉ የሚፈሰው ምረቃው ቀን ላይ ነው፤ ሪባን ይቆረጣል፣ ፎቶ ይነሳል፣ ከዚያ ዘወር ብሎ የሚያይ የለም። በኢኮኖሚክስ ማሽን ሲገዛ የእርጅና ተቀናሽ ይያዝለታል። ለትምህርት ይዘት የሚይዝ አላየሁም። በሐምሌ 2016 የተጀመረው የአምስት ሚሊዮን ኮደርስ ፕሮግራም ፕሮግራሚንግ፣ ዳታ ሳይንስና አንድሮይድ በነፃ ማቅረቡ ደስ የሚል ነገር ነው። ሪፖርት ሲቀርብ ግን ስንት ሰው ተመዘገበ፣ ስንቱ ሰርተፍኬት ወሰደ ይባላል። እኔ አንድ መስመር ቢጨመር ደስ ይለኛል፦ ትምህርቱ መጨረሻ የታደሰው መቼ ነው?

የምጠይቀው ትልቅ በጀት የሚፈልግ ነገር አይደለም። መሠረቱ ለብቻ፣ የሚቀየረው ክፍል ለብቻ፣ በአምስትና በአሥር ደቂቃ ይቀረጽ። ያኔ አዋጅ ሲወጣ የምትቀየረው አንዲት ትንሽ ፋይል ናት፤ መርሳ ያለ ልጅም ሁለት ጊጋ ባይት ድጋሚ ሳያወርድ እሷን ብቻ በቴሌግራም ይቀበላል። ወልድያ ዩኒቨርሲቲ የግብርና ካምፓሱ እዚያው መርሳ ነው፣ ኢኮኖሚክስና አካውንቲንግ የሚማሩ ልጆችም አሉት። የሦስተኛ ዓመት ተማሪ አንዲት ያረጀች ትምህርት መርጦ እንዲያድስ፣ በአማርኛ እንዲያስረዳና ለሱም ማርክ እንዲያገኝ ማድረግ ምን ያቅታል? ከቤተ መጻሕፍት ገልብጦ ከሚያስረክበው አሳይመንት የቱ ይሻላል?

ቻናል ያላችሁ፣ ኮርስ የምትለጥፉ ልጆች ደግሞ እስከዚያው ዛሬ ማድረግ የምትችሉት አለ። ቀኑን ከቪዲዮው በታች ባለው ጽሑፍ ሳይሆን ስክሪኑ ላይ ጻፉት፣ ምክንያቱም ጽሑፉ ፍላሽ ላይ አይገለበጥም። የፋይሉንም ስም «ፔሮል ሙሉ ኮርስ ፋይናል» ከማለት «ፔሮል በሐምሌ 2017ቱ ሰንጠረዥ» በሉት። ፋይሉ ነገ ከማን እጅ እንደሚገባ አታውቁም፤ የደረሰው ሰው ግን ገና ሳይከፍተው የስንት ዓመተ ምሕረት ትምህርት እንደያዘ ያውቃል።