ሞራ ይጠብቃል፤ ግላኮማ ግን አይጠብቅም

የዓይን ቀዶ ሐኪሞች ወደ ካምፕ መጡ ሲባል ክሊኒኩ በር ላይ የሚሠራውን ሰልፍ ሁላችንም እናውቀዋለን። በዓይን ሞራ ግርዶሽ ማየት ያቆሙ እናቶችና አባቶች በልጅ ልጅ እጅ ተመርተው ይገባሉ፤ በማግሥቱ ፋሻው ሲፈታ እልልታው ይቀልጣል። ለሐኪሞቹ ምስጋና ይገባቸዋል። ነገር ግን ከዚያው ሰልፍ “ያንተ ሞራ አይደለም፤ የጠፋውን ልንመልስልህ አንችልም” ተብለው የሚመለሱም አሉ። ስለ እነሱ የሚያወራ የለም። እኛ ዛሬ የምንጽፈው ስለ እነሱ፣ ደግሞም ነገ እንደ እነሱ ሊሆኑ ስለሚችሉት ነው።

ብዙዎቻችን ሁለቱን በሽታዎች አንድ አድርገን “ዓይኔ ፈዘዘ” እንላለን። ግን ለየቅል ናቸው። ሞራ ማለት በዓይን ውስጥ ያለው ጥርት ያለ ሌንስ ሲደፈርስ ነው። ብርሃን አያስገባም እንጂ ከኋላው ያለው የዓይን ክፍል ብዙ ጊዜ ደህና ነው። ስለዚህ ሐኪሙ የደፈረሰውን አውጥቶ ሰው ሠራሽ ሌንስ ሲተካበት ሰውየው መልሶ ያያል። ግላኮማ ግን ከዓይን ወደ አንጎል የሚሄደውን ነርቭ ነው የሚጎዳው፤ አብዛኛውን ጊዜም በዓይን ውስጥ ያለው ግፊት ከፍ ሲል ይመጣል። የሞተ ነርቭ አይመለስም። ጠብታውም፣ ሌዘሩም፣ ቀዶ ጥገናውም ማዳን የሚችሉት የቀረውን ብቻ ነው። ከሁሉ የከፋው ደግሞ፣ አብዛኛው ግላኮማ አያምም፣ ዓይን አያቀላም። ከዳር ከዳር እየበላ ነው የሚገባው። ሰውየው በጎኑ የመጣ ብስክሌት ሲገጨው “ሳላየው ቀረሁ” ይላል እንጂ ታመምኩ አይልም።

ዕውርነት ሳይደርስ ነው መያዝ ያለበት ብለው ዕድሜያቸውን ሙሉ ከታገሉት ሐኪሞች አንዷ ጥቁር አሜሪካዊቷ ዶክተር ፓትሪሺያ ባዝ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1942 ኒውዮርክ ውስጥ ሀርለም በሚባለው የጥቁሮች ሰፈር ተወለዱ። አባታቸው ከትሪኒዳድ ደሴት የመጡ የምድር ውስጥ ባቡር ነጂ ነበሩ። እናታቸው ደግሞ ሰው ቤት እየሠሩ ነው ልጃቸውን ያስተማሩት። ባዝ በ1968 ከሀዋርድ ዩኒቨርሲቲ በሕክምና ተመረቁና ወደ ሰፈራቸው ሆስፒታል ተመለሱ። ቀጥሎም በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ የዓይን ክፍል ሠሩ።

ሁለቱ የዓይን ክሊኒኮች በአንድ ከተማ ውስጥ ናቸው። በሀርለሙ ክሊኒክ ግን ከበሽተኛው ግማሽ ያህሉ ዓይኑ የጠፋ ወይም የደከመ ነበር፤ በኮሎምቢያው እንዲህ ያለ ሰው በጣም ጥቂት ነው። ወጣቷ ሐኪም ነገሩን አይተው ዝም አላሉም። ቆጠሩ፣ መዘገቡ፣ አነጻጸሩ። በጥቁሮች ዘንድ ዕውርነት ከነጮች እጥፍ መሆኑን አገኙ። ዋናው ምክንያትም ሕክምናን በጊዜው አለማግኘት ነው አሉ። ግላኮማ በአፍሪካ ዘር ላይ በርትቶ መታየቱ የታወቀ ነው፤ በጊዜው የሚለካው ሲያጣ ደግሞ ጉዳቱ ይብሳል።

ከዚያ በኋላ ሁለት ነገር አደረጉ። መጀመሪያ የኮሎምቢያ ፕሮፌሰሮቻቸውን አሳምነው በሀርለም ሆስፒታል ያለ ክፍያ ቀዶ ጥገና እንዲያደርጉ አደረጉ። ቀጥለውም “የማኅበረሰብ የዓይን ሕክምና” የሚባል አሠራር አቀረቡ። በዚህ አሠራር ፈቃደኛ ሠራተኞች ሠልጥነው ወደ አረጋውያንና ወደ ሕጻናት መዋያዎች ይሄዳሉ፣ ዓይን ይለካሉ፣ ሞራና ግላኮማ የሚጠረጠርበትን ሰው ለይተው ወደ ሐኪም ይልካሉ። ሕመምተኛው እስኪመጣ መጠበቅ ቀረ፤ ምርመራው ራሱ ወደ ሰዉ ሄደ ማለት ነው።

ሥራቸው አልጋ በአልጋ አልነበረም። ሎስ አንጀለስ በሚገኘው ዩኒቨርሲቲ ሲቀጠሩ ምድር ቤት ውስጥ ከላቦራቶሪ እንስሳት አጠገብ ቢሮ ተሰጣቸው። አልቀበልም አሉ፤ ሌላ ተሰጣቸው። በ1983 በአሜሪካ የዓይን ሐኪሞችን ማሠልጠኛ ፕሮግራም በኃላፊነት የመሩ የመጀመሪያዋ ሴት ሆኑ። በ1988 ደግሞ ሞራን በሌዘር ሰባብሮ ለሚያወጣ መሣሪያ የፈጠራ ባለቤትነት ተሰጣቸው። ጥቁር አሜሪካዊት ሴት ሐኪም ለሕክምና መሣሪያ እንዲህ ያለ መብት ስታገኝ የመጀመሪያዋ ነበሩ። በ2019 አረፉ።

ስማቸው ሲነሳ ዓለም የሚያወራው ስለ ሌዘሩ ነው። በእኛ አስተያየት ግን ለእኛ ለስደተኞች የሚበልጠው ሌላው ሥራቸው ነው። ሌዘር ውድ ነው፣ መብራት ይፈልጋል፣ ጠጋኝ ይፈልጋል። በእኛ አካባቢ ሞራ ብዙውን ጊዜ የሚወጣው በሐኪም እጅ፣ በትንሽ ቀዳዳ ነው፤ ጥሩ ውጤትም ያመጣል። ሰው ቤት ድረስ ሄዶ “ዓይንህን ልይልህ” ማለት ግን መብራትም ጄኔሬተርም አይፈልግም። እሱን ዛሬውኑ መጀመር እንችላለን።

እኛ አስተማሪዎች ነገሩን የምናየው በስም መጥሪያ መዝገባችን ላይ ነው። በምግብ እደላ ቀን “ቀሪ” የሚባሉ ልጆች አሉ። አንዷ ጎበዝ ተማሪ ለምን እንደምትቀር ስንጠይቃት ዓይነ ስውር አያቷን ወደ እደላው ቦታ መርታ እንደምትሄድ ነገረችን። አያቷ ዓይናቸውን አጡ፣ ልጅቷ ደግሞ ትምህርቷን። አንድ ሰው ሲታወር በካምፕ ኑሮ ሁለት ሰው ነው ከሥራ የሚወጣው።

ሞራ በዘመቻ ሊታከም ይችላል፤ የአንድ ቀን ሥራ ነውና። ግላኮማ በዘመቻ አይታከምም። የሚለካ ሰው፣ በየዕለቱ የሚጨመር ጠብታ፣ ዕድሜ ልክ የሚቀጥል ክትትል ይፈልጋል። ስለዚህ የዓይን ሥራ ውጤት በተፈታ ፋሻ ብዛት ብቻ ሊለካ አይገባም እንላለን። የሚከተሉትንም እናሳስባለን።

አንደኛ፣ በየብሎኩ ያሉ የጤና ሠራተኞች ቤት ለቤት ሲዞሩ ዕድሜያቸው ከ40 በላይ የሆኑትንና በቤተሰባቸው ዓይኑ የጠፋ ሰው ያለባቸውን ይመዝግቡ። ግላኮማ በዘር ይሄዳል፤ የአንዱ መታወር ለወንድምና ለእህት፣ ለልጆችም ማስጠንቀቂያ ነው። እነዚህ ሰዎች የዓይናቸው ግፊት እንዲለካ፣ ነርቩም እንዲታይ በቅድሚያ ይላኩ።

ሁለተኛ፣ ትምህርት ቤቶች በ6 ሜትር ርቀት የሚነበበውን የዓይን መለኪያ ሰሌዳ ግድግዳ ላይ ይስቀሉ። አጠቃቀሙን አስተማሪ በአንድ ቀን ይለምደዋል። ሰሌዳው ጅምር ግላኮማን አያሳይም፤ መነጽር የሚያስፈልገውን ልጅ ግን ያሳያል።

ሦስተኛ፣ ክሊኒኮች የግላኮማ ጠብታ እንደ ስኳርና እንደ ደም ግፊት መድኃኒት ሳይቋረጥ እንዲገኝ ያድርጉ። “አልቋል፣ በሚቀጥለው ወር ና” የሚባለው ሰው በዚያ ወር የሚያጣውን ማንም አይመልስለትም።

አራተኛው የራሳችን የስደተኞቹ ድርሻ ነው። ዓይን በቀላና በፈዘዘ ቁጥር ከሱቅ ጠብታ ገዝቶ ማድረግ ይቅርብን። ስቴሮይድ ያለባቸው ጠብታዎች ያለ ሐኪም ትእዛዝ ለረጅም ጊዜ ሲደረጉ የዓይንን ግፊት ከፍ ያደርጋሉ፣ ሞራም ያመጣሉ። ጸበሉንም ዱዓውንም የሚከለክል የለም፤ ምርመራው ግን አብሮ ይሁን። “የሽምግልና ነገር ነው” ብለን እናትና አባቶቻችንን ቤት አናስቀምጣቸው።

አባቶች ሳይቃጠል በቅጠል ይላሉ። ሞራ ያለበት ሰው የሚቀጥለውን ዘመቻ ሊጠብቅ ይችል ይሆናል። ግላኮማ ያለበት ግን ነገ የሚቀርለት ዓይን ዛሬ የተረፈው ብቻ ነው። እሱን ፈልጎ ማግኘት ከቀዶ ሐኪሙ በፊት የእኛ የጎረቤቶቹ ሥራ ነው።