ቁጥርሽ ስንት ነው?

«አሁን ገና ሰው ሆንሽ!» አለኝ። ያለኝ ዘመድ ወይም ወዳጅ አይደለም፤ ልብስ ነጋዴ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት እግሬን ከደጃፉ ሳላስገባ «ላንቺ የሚሆን የለም፣ እህቴ» ብሎ የመለሰኝ እሱው ነው። ያን ጊዜ 96 ኪሎ ነበርኩ። ዛሬ 71 ነኝ። እንግዲህ በሱ ሂሳብ በነዚያ 25 ኪሎዎች መካከል አንድ ቦታ ላይ ስሙ ካልታወቀ ፍጥረትነት ወደ ሰውነት ተሻግሬአለሁ ማለት ነው። የትኛው ኪሎ ላይ እንደሆነ ልጠይቀው ይገባኝ ነበር። አልጠየቅሁትም። ሱሪውን ተቀብዬ ከመጋረጃው ጀርባ ገባሁ። ደግሞም፣ ምን እደብቃለሁ፣ ደስ ብሎኝ ነበር።

አብራኝ የሄደች ጓደኛዬ ደጃፉ ላይ ቆማለች። እሷ ዛሬም መቶ ኪሎ ገደማ ናት፤ ከየትኛው ደጃፍ ማለፍ እንደሌለባት ኑሮ አስተምሯታል። ዚፑን ስዘጋ ነጋዴው እንዲህ ሲላት ሰማሁ፦ «አንቺስ እንደሷ ትንሽ ብትቀንሺ ምናለ? ስንት የሚያምር ልብስ አለኝ መሰለሽ!» ጓደኛዬ ሳቀች። እንዴት ያለ ሳቅ እንደሆነ አውቀዋለሁ፤ ለዓመታት ስስቀው የኖርኩት ነው። ታዲያ ምን አደረግሁ? ሱሪውን ገዛሁት። ከፈልኩ፣ አመሰገንኩ፣ ወጣሁ። ይህን ጽሑፍ ያጻፈኝ ይኸው ነው።

የከሳሁት ለልብስ ብዬ አይደለም። ሐኪም የደሜን ስኳር አይቶ ፊቱን አጨማደደ፤ ጉልበቴም ደረጃ መውጣት እምቢ አለ፤ በቃ። ሰፈር ግን ይህን አያውቅም። «ምነው ከሳሽ? አመመሽ እንዴ?» የማይለኝ የለም። ጎረቤቴ እማማ አብሽ በጥብጠው ይዘውልኝ መጡ። መጀመሪያ ተናደድኩ፤ ኋላ ግን ራሴን ገሠጽኩ። የ1966ቱንና የ1977ቱን ረሀብ ያየ፣ ከዚያም ሰውን አመንምኖ የሚወስደው በሽታ በየቤቱ ሲገባ ያለቀሰ ትውልድ፣ ክሳት ሲያይ ቢደነግጥ ይፈረድበታል? እማማ ቢሳሳቱም የተሳሳቱት ስለኔ ፈርተው ነው። ነጋዴው ግን ስለኔ ምንም አልፈራም፤ መጠኔን ብቻ ነው ያየው።

ነጋዴው የሚምልበት «ኖርማል ሳይዝ» ለመሆኑ የማን ልክ ነው? ነገሩ የተቆረጠው አሜሪካ ነው፤ ለዚያውም በግብርና ሚኒስቴር። እ.ኤ.አ. በ1939 እና በ1940 የሚኒስቴሩ ሰዎች ወደ 15,000 የሚጠጉ ሴቶችን እያንዳንዳቸውን 59 ቦታ ላይ ለኩ። ነጭ ያልሆኑትን ሴቶች ልኬት ከሂሳቡ አወጡት። ከተረፈው ተነሥቶ በ1958 መንግሥታዊ መለኪያ ታወጀ፤ ሴቱም ሆነ ፋብሪካው ስላልገጠመው በ1983 ተሻረ። ከዚያ ወዲህ ያገሩ ፋብሪካ ቁጥሩን እንዳሻው ይለጥፋል። ደረቷ 32 ኢንች የሆነች ሴት በ1937 በሲርስ ካታሎግ 14 ቁጥር ነበረች፤ በ1967 እሷው 8 ቁጥር ሆነች፤ በ2011 ደግሞ 0። ሴትዮዋ አንዲት ናት፤ ደረቷም ያው ነው። ጀርመን 38 የሚለውን ጣሊያን 44፣ እንግሊዝ 12 ግድም ይለዋል። እኛ ዘንድ ሁሉም ባንድ መደርደሪያ ላይ ተሰቅሎ «ቁጥርሽ ስንት ነው?» እንባላለን!

ከኪሎው ቅነሳ በኋላ አንድ ከሰዓት በኋላ መርካቶ ወርጄ አምስት ሴት ሆኜ ዋልኩ። በቱርኩ 42፣ በሌላው ቱርክ 40፣ በጂንሱ 32፣ በአንደኛው ቀሚስ ኤል፣ በቻይናው ሸሚዝ ድርብ ኤክስ ኤል። «ፍሪ ሳይዝ» የሚባለውማ ነገረ ሥራው ሌላ ነው፤ ለሁሉ ይሆናል ተብሎ የሚሸጥ፣ ብብቴ ላይ የሚያንቅ ጨርቅ። ለሁሉ ካልሆነ ጥፋቱ የ«ሁሉ» ይሆናል እንጂ የጨርቁ አይሆንም።

ነጋዴው መልስ እንዳለው አውቃለሁ፤ «ትልቅ ቁጥር ባመጣ ዕቃው ይተኛብኛል» ይላል። እኔ ደግሞ እጠይቀዋለሁ፦ ከደጃፍ የምትመልሳት ሴት እንዴት አድርጋ ትግዛህ? እኔ በ96 ኪሎዬ ራቁቴን አልሄድኩም። የለበስኩት ሰልባጅ ነው። የአሜሪካ ወፍራሞች ይባረኩና፣ ከነሱ ጓዳ የወጣ ቀሚስ ለዓመታት ሸፍኖኛል። ገንዘቤንም የወሰደው በኮንትሮባንድ የገባ ልባሽ እንጂ ቀረጥ ከፍሎ ሱቅ የከፈተው አይደለም። ኪሳራው የማን ሆነ?

ሰፈራችን በረንዳ ላይ የሚሰፉ ጋሼ አሉ፤ ሜትሩ ካንገታቸው አይወርድም። ቁጥሬን ጠይቀውኝ አያውቁም። ደረት፣ ወገብ፣ ዳሌ፣ ቁመት ብለው ደብተራቸው ላይ ይጽፋሉ። ስከሳ አሮጌ ቀሚሶቼን ተሸክሜ ሄድኩ። «ሰው ሆንሽ» አላሉኝም፣ «ምነው ከሳሽ» አላሉኝም፤ አዲስ ገጽ ገልጠው ለኩ። ሁሉም እንደኔ ወደ ልብስ ሰፊ ይሂድ ልል አልችልም፤ ዛሬ ጨርቅ ገዝቶ ማሰፋት ከተዘጋጀው ልብስ የሚበልጥ ገንዘብ ያስወጣል፣ ጊዜም ይፈጃል። ነገር ግን ጋሼ በሜትር የሚያደርጉትን ሱቁ ለምን አያደርገውም? የወገቡንና የዳሌውን ልክ በሴንቲሜትር ጽፎ ልብሱ ላይ ማንጠልጠል ስንት ብር ይጠይቃል? ትልልቁን ልብስ ከጆንያ አውጥቶ ከሌላው ጎን መስቀልስ? በመጋረጃ ፈንታ የሚዘጋ በርስ?

ቀሚሶቼን ልወስድ ስመለስ ጋሼ ውስጡን ገልብጠው አሳዩኝ። የተረፈውን ጨርቅ አልቆረጡትም፤ አጥፈው ሰፍተውታል። «ድንገት ቢያስፈልግሽ እፈታልሻለሁ» አሉኝ።

ሱሪው ቁም ሳጥኔ ውስጥ አለ፤ ከዚያ ቀን ወዲያ አልለበስኩትም። ጓደኛዬ ስለሱ አንስታብኝ አታውቅም። እኔም አላነሳሁባትም።