ጠላን ቀምሶ ስለ መፍረድ

በደብረ ማርቆስና በአካባቢዋ የሚጠመቀው ጠላ አንዱ ከሌላው እንደሚለይ የማያውቅ ሰው የለም፤ ልዩነቱ ምን እንደ ሆነ በቃል ዘርዝሮ የሚናገር ግን እምብዛም አይገኝም። ስለ ታሸገ ቢራ በተነሣ ጊዜ ወጣቶቻችን፣ ይልቁንም ትምህርታቸውን ጨርሰው በየመሥሪያ ቤቱ የገቡት፣ ይህኛው ቀለል ይላል፣ ያኛው መረር ይላል፣ ያ ደግሞ ራስ ያዞራል እያሉ ሲከራከሩ ያመሻሉ። ወደ ጠላ የዞሩ እንደ ሆነ ፍርዳቸው በሁለት ቃል ያልቃል፤ «ቆንጆ ነው» ወይም «አይጠጣም»። ነገሩ ያስገርመናል። የታሸገው ቢራ በመሣሪያ ተለክቶ ስለሚወጣ ዛሬ የተጠጣውና ከወር በኋላ የሚጠጣው አንድ ነው። ጠላ ግን ከቤት ቤት፣ ከጋን ጋን፣ እንዲያውም በአንዱ ጋን ውስጥ ከሰኞ እስከ ዓርብ ይለያያል። ምላስ ይበልጥ ሊሠራበት የሚገባው በየትኛው ላይ እንደ ሆነ አንባቢ ይፍረድ።

ይህን የምንጽፈው ስለ አፍ ደስታ ብቻ ብለን አይደለም፤ ጉዳዩ የባለ ሙያ ሴቶችን እንጀራ የሚነካ ስለ ሆነ ነው። ጣሳ በእንጨት ላይ ተደፍቶ በተሰቀለበት ደጅ ሁሉ ጠላ አለ፤ በአንድ ሰፈር ውስጥም ዋጋው ብዙውን ጊዜ ያው ነው። ጌሾዋን መርጣ፣ ብቅሏን በቤቷ አብቅላ፣ ጋኗን በግራዋ አጥባ በወይራ ያጠነችው ሴትና በፕላስቲክ በርሜል ዘፍዝፋ ውኃ ያበዛችበት ሴት ለአንዱ ጣሳ የሚቀበሉት ገንዘብ እኩል ነው። እንዲያውም ሁለተኛዪቱ ወጪዋ ስላነሰ ትርፏ ይበልጣል። እንግዲህ ባለ ሙያዋ እስከ መቼ ትታገሣለች? ልጇስ ይህን ሁሉ ድካም ለምን ብላ ትማረዋለች? ፈራጅ በሌለበት ገበያ ውስጥ ጥሩው በመጥፎው ዋጋ ይሸጣል፤ ቆይቶም ጥሩው ይቀራል።

ጠላን ለመመዘን አጠማመቁን ማወቅ ያሻል። የተወቀጠው የጌሾ ቅጠል በውኃ ተዘፍዝፎ ይጠነሰሳል፤ ጥቂት ቀን ቆይቶ ብቅሉ ይገባበታል፤ ከዚያም ቂጣው ተቆራርሶ፣ ተቆልቶ የተፈጨው አሻሮ ወይም በምጣድ የታመሰው እንኩሮ ተጨምሮ ድፍድፍ ይሆናል፤ በመጨረሻ ውኃ ይጨመርበትና የጋኑ አፍ ይመረጋል። ከእነዚህ አንዱም ቢሆን ምላስ ላይ ሳይመሰክር አያልፍም። ጌሾው ከበዛ መራራው ጉሮሮ ላይ ተጣብቆ ይቀራል። ቂጣው ካረረ ከሰል ከሰል ይላል። ብቅሉ የሻገተ እንደ ሆነ ከጣዕሙ በፊት ሽታው ያጋልጠዋል። ጊዜው ሳይደርስ የተቀዳ ጠላ ይጣፍጣል፤ ይህም ስኳሩ ገና ወደ አልኮል ተለውጦ ስላላለቀ ነው። የዘገየው ደግሞ ይሆመጥጣል፤ እርሾው ሥራውን ጨርሶ አሲድ የሚሠሩት ባክቴሪያዎች ስለ በረቱበት ነው።

የእህሉና የአገሩም ጠባይ አለ። ከጮቄ ተራራ ግርጌ በገብስ የሚጠመቀውና ዝቅ ባለው አገር በዳጉሳ የሚጠመቀው በመልክም በጣዕምም አይገናኙም። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለ ሆነች ብርዱ የእርሾውን ሥራ ያዘገየዋል፤ ስለዚህ በዓባይ በረሃ ዳር በጥቂት ቀን የደረሰው ጠላ እዚህ ተጨማሪ ቀን ይፈልጋል። ቀን ቈጥሮ ብቻ ጠላ የሚቀዳ ሰው ይህን የረሳ ነው፤ እናቶቻችን ጆሯቸውን ወደ ጋኑ አስጠግተው ፍላቱን ማዳመጣቸው ያለ ምክንያት አይደለም።

ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስበን ግን የጋኑ ነገር ነው። ጋን ዕቃ ብቻ አይደለም፤ ከጠላው ቅመሞች አንዱ ነው። ሸክላው ቀዳዳው ረቂቅ ስለ ሆነ የወይራውን ጢስ ይጠጣል፤ ጢሱንም መልሶ ለጠላው ይሰጣል። ፕላስቲክ በርሜል በፍም ላይ ተደፍቶ ሊታጠን አይችልም፤ ይቀልጣልና። የጢሱን ሽታ አይዝም፤ ቀድሞ የነበረበትን የዘይት ወይም የሌላ ነገር ሽታ ግን አጥብቆ ይይዛል። እርግጥ ነው፤ ጋን ከባድ ነው፤ ይሰበራል፤ ከገበያ ወደ ቤት ማድረሱም መከራ ነው። በርሜሉን የምትመርጠውን ሴት አንነቅፍም። የምንለው ልዩነቱን ጠጪው ለይቶ ካልከፈለበት ጋኑን የሚገዛ አይኖርም፤ ጋኑን የሚገዛ ከጠፋም ሸክላ ሠሪዋ ሥራ ትፈታለች ነው። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን መስደብ የሚከለክል አዋጅ አውጥተው ነበር። ከመቶ ዓመት በላይ ካለፈ በኋላ ዛሬም ሸክላ ሠሪዋን በጎን የሚያይ አለ፤ የጋኗን ጠላ ሲጠጣ ግን አይጠየፍም!

ይህ የጢስና የዕቃ ጥበብ የእኛ ብቻ መስሎ የሚታየው ካለ ወደ ውጭ አገር ቢመለከት መልካም ነው። በቤልጅግ ላምቢክ የሚባለው ቢራ በኦክ እንጨት በርሜል ውስጥ እስከ 3 ዓመት ይቀመጣል፤ ከዚያም አሮጌውና አዲሱ ተቀላቅሎ ይሸጣል። በጀርመን አገር በባምበርግ ከተማ ብቅሉን በእንጨት ጢስ ያደርቁታል፤ ቢራውም ጢስ ጢስ ስለሚል ከሩቅ የሚመጣ ጐብኚ ይጠይቀዋል። አሜሪካኖችም ከ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከበቆሎ የሚወጣው ቡርቦን የተባለው አረቄያቸው የነበረበትን፣ ውስጡ በእሳት የተለበለበ በርሜል ወስደው ጥቁር ቢራ ያስቀምጡበት ጀመር፤ በውድ ዋጋም ይሸጡታል። ከእኛ ጋን የሚለየው የእነርሱ እንጨት በወራትና በዓመታት የሚሰጠውን የእኛ ወይራ በጥቂት ቀን መስጠቱ ነው።

እነዚህ ሰዎች ቢራቸውን ያስከበሩት ግን በመጥመቅ ብቻ አልነበረም፤ ስም አውጥተውለትና ለክተውት ነው። ማይክል ጃክሰን የተባለው እንግሊዛዊ ጸሐፊ በ1977 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ የዓለምን ቢራዎች በየዓይነታቸው ለያይቶ ገለጠ። በ1985 እ.ኤ.አ. ደግሞ በአሜሪካ የቢራ ፈራጆችን ፈትኖ የሚያስመሰክር ማኅበር ተቋቋመ፤ ወረቀታቸው ከ50 ነጥብ ነው፤ 12 ለሽታ፣ 3 ለመልክ፣ 20 ለጣዕም፣ 5 በአፍ ውስጥ ለሚሰማው ውፍረትና ቅጥነት፣ 10 ለጠቅላላው። በአገራችንም ለዚህ ሥራ እንግዳ አይደለንም። ቡናችን በቀማሾች ከ100 ነጥብ ይመዘናል፤ በ2020 እ.ኤ.አ. ካፕ ኦፍ ኤክሰለንስ የተባለው ዓለም አቀፍ ውድድር ለመጀመሪያ ጊዜ በኢትዮጵያ ሲካሄድ ያሸነፉት ገበሬዎች ቡናቸውን ከተለመደው ዋጋ ብዙ እጥፍ በሆነ ጨረታ ሸጠዋል። ለቡና የሠራ ምላስ ለጠላ የማይሠራበት ምክንያት አይታየንም።

የሚቃወሙን እንዳሉ እናውቃለን። አንዳንዶች ጠላ የማኅበርና የደቦ፣ የሠርግና የተዝካር መጠጥ ነው፤ እንግዳ የቀረበለትን አመስግኖ ይጠጣል እንጂ ነጥብ አይሰጥም ይላሉ። ይህ እውነት ነው፤ በጽዋ ተራ ላይ ወረቀትና እርሳስ ይዞ የሚቀመጥ ቢገኝ እኛም ከቤት እንዲወጣ እንፈርዳለን። ነገር ግን ተራው ያልፍና ሴቶቹ ወደየቤታቸው ሲመለሱ በመንገድ ላይ ምን እንደሚነጋገሩ የማያውቅ ማን ነው? የእገሊት ጌሾ በዝቶባታል፤ የእገሊት ግን ዘንድሮም አልተቻለም ይባባላሉ። ፍርዱ አለ፤ የጐደለው በገበያው ላይ መዋሉ ነው። ስለዚህ የምንናገረው ስለሚሸጠው ጠላ ብቻ ነው።

ሌሎች ደግሞ መመዘኛ ከወጣ ጠላው ሁሉ አንድ ዓይነት ይሆናል ብለው ይሠጋሉ። ይህ ሥጋት ከፊተኛው ይበልጥ ያሳስበናል፤ መፍትሔው ግን በየዓይነቱ መመዘን ነው። ጉሹ ከጉሽ ጋር፣ የተጣራው ከተጣራው ጋር፣ የዳጉሳው ከዳጉሳው ጋር ይቅረብ። ጉሽን ደፍርሷል ብሎ መጣል በግን ጠጕር ላይ ለምን ቀንድ አልበቀለም እንደ ማለት ነው። ቅራሪንም አንናቀው፤ በእርሻ ውሎ ጥም የሚቈርጠው እርሱ ነውና ቀላልነቱ ጥፋቱ አይደለም።

ለሙከራ ያህል ከ50 ነጥብ እኛ እንዲህ እናካፍለው ነበር። ለሽታው 12፤ የወይራው ጢስ ይሰማል፣ ግን ሌላውን አይሸፍንም ወይ? ለጣዕሙ 20፤ መራራው፣ የቁሌቱ ጣዕምና ኮምጠጥ ማለቱ አንዱ ሌላውን ሳይጥለው ይሄዳሉ ወይ? ለመልኩ 4 ብቻ፤ ዓይን በቶሎ ይታለላልና። ለውፍረቱና ለቅጥነቱ 6። የቀረው 8 ለዕቃው ንጽሕናና ለውኃው ይሁን፤ በዚህ ላይ የወደቀ በሌላው ቢያሸንፍ አይቈጠርለት። ጠላው የማን እንደ ሆነ ሳይነገር፣ በአንድ ዓይነት ሽክና፣ በቀን ብርሃን ይቅረብ። ሽታው ይቅደም፤ በየመካከሉ ቂጣና ውኃ ይኑር፤ በአንድ ጊዜም ከ6 አይብለጥ። የቡና ቀማሾች ቀምሰው ይተፋሉ፤ በእኛ አገር ግን የቀረበን ጠላ መትፋት ነውር ስለ ሆነ ጥቂት መዋጥ ግድ ይሆናል። ጠላ የአልኮሉ መጠን ብዙውን ጊዜ ከ2 እስከ 4 በመቶ ሲሆን የተጣራው ከዚህ ይበልጣልና፣ ወጣት ሹሞቻችን ቅምሻውን የሥራ ቀን ባያደርጉት ይሻላል።

ፈራጆቹ እነማን ይሁኑ ለሚለው፣ እኛ ጸሐፊዎችና እናንተ ባለ ዲፕሎማዎች መሆን የለብንም። የቀማሽነት ማዕርግ ከጥንት ጀምሮ የጠማቂዋ ነው፤ ለእንግዳ ከመስጠቷ በፊት በመዳፏ ጠብ አድርጋ የምትቀምሰው እርሷ ናት። የእኛ ድርሻ ወረቀቱን መያዝ፣ የተናገሩትን መጻፍና ውጤቱን በየጠላ ቤቱ ደጅ ከተደፋው ጣሳ ሥር እንዲለጠፍ ማድረግ ነው። 5 ሴቶች ይበቃሉ፤ 4ቱ ዕድሜያቸውን በጠላ ሥራ ያሳለፉ፣ 5ኛዋ ጋኑን የምትሠራው ሴት።