ጊታሩ የማን ነው ከማለት፣ ምን ይላል ማለት

ወገን፣ ዛሬ ከለመድነው ርዕስ ትንሽ ወጣ እንበል።

ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ሄቪ ሜታል የሚያዳምጥ ልጅ ካለ ብሎኩ በሙሉ ያውቀዋል። ግድግዳው ምስጢር አይጠብቅም። ጥቁር ቲሸርቱን ለብሶ ደረጃ ሲወርድ ጎረቤት «የሰይጣን ዘፈን» ይላል። የእኛዎቹ ደግሞ ኮመንት ላይ ወርደው «ባንዳ!» ይሉታል።

ቆይ እንጂ! ባንዳ ማለት ሀገሩን ለጠላት ያደረ ነው። ጊታር የወደደ ሁሉ ባንዳ ከተባለ ቃሉ ዋጋ አጣ ማለት ነው።

«ይሄ ጩኸት የእኛ አይደለም» ለምትሉ፦ በገና 10 አውታር አለው። ከየአውታሩ ሥር እንዝራ የምትባል ቁራጭ ቆዳ ትገባለች፤ ያን የሚነዝር ሻካራ ድምፅ የምትሰጠው እሷ ናት። አባቶቻችን ድምፁን ሆን ብለው አሻከሩት፣ ለጸሎትም አዋሉት። ቀረርቶና ፉከራውስ? የደም ሥሩ ተገትሮ የሚያቅራራ አርበኛ ያየ ሰው በሜታል ጩኸት ይደነግጣል እንዴ? በገናና ሜታል አንድ ናቸው እያልን አይደለም። ሻካራ ድምፅ ለጆሯችን እንግዳ አይደለም ነው የምንለው።

«ከውጭ የመጣ ነው» ለምትሉም መልስ አለን። እ.ኤ.አ. በ1924 ራስ ተፈሪ ከኢየሩሳሌም 40 ወላጅ አልባ አርመናውያን ልጆች አስመጡ፤ «አርባ ልጆች» የሚባሉት ናቸው። የሙዚቃ መሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን «ኢትዮጵያ ሆይ ደስ ይበልሽ» የሚለውን የሀገር መዝሙር ዜማ ደረሰ። ሰውየውም መለከቱም ከውጭ ናቸው፤ መዝሙሩ ግን የኢትዮጵያ ሆነ።

በእኛ ዘመንም ጃኖ ባንድ አለ። ስሙ ከባህል ልብሳችን፣ እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣው አልበሙ «ኤርታሌ» ከአፋር እሳተ ገሞራ የተወሰደ ነው። ከባድ ጊታር ይዞ በአማርኛ ዘፈነ፤ ታዲያ ምን ጎደለብን? ሞንጎሎቹ ዘ ሁ በፈረስ ጭራ ማሲንቋቸውና በጉሮሮ ዜማቸው ሜታል ተጫውተው ሀገራቸውን ለዓለም አስተዋወቁ።

ሜታል ራሱ የሠራተኛ ሰፈር ልጅ ነው። የብላክ ሳባዝ ጊታሪስት ቶኒ አዮሚ የጣቶቹን ጫፍ ያጣው በርሚንግሃም ውስጥ ብረት ፋብሪካ ሲሠራ ነው። የፋብሪካ ሰፈር ለሆነው አቃቂ ቃሊቲ ይሄ ታሪክ ሩቅ ነው?

ለአንተም ግን መልእክት አለን፣ ጥቁር ለባሹ ወንድማችን። የኦስሎን በረዶ አትዝፈንልን። የኮዬን አቧራ፣ የታክሲውን ሰልፍ፣ ጄሪካን ተሸክማ አራተኛ ፎቅ የምትወጣውን እናት ዝፈንልን። ትዝታን፣ ባቲን፣ አምባሰልን፣ አንቺሆዬን ሳታውቅ «አዲስ ነገር ፈጠርኩ» አትበል። ከምሽቱ አራት ሰዓት በኋላም ድምፁን ቀንስ፤ እናቶች ይተኙበት!

ለእኛ ደግሞ፦ በስድብ ያባረርነው ልጅ ነገ «ሀገርም እናንተም ለምኔ» ቢል ጥፋቱ የጊታሩ አይሆንም። ሀገር የሚወድ ወጣት አንድ ዓይነት ዘፈን ብቻ ያዳምጣል ያለው ማነው?

እስቲ ኮመንት ላይ ስድቡን ትታችሁ በራሳችን ቅኝት የተሠራ ከባድ ሙዚቃ ጋብዙን። እናዳምጣለን!