ከውስጥ የሚቆለፍ በር

“ለሁለት ሌሊት ደንገጎ ልንወጣ ነው” ስንል ከግቢው ሰው መጀመሪያ የሰማነው “ማን ሞተባችሁ?” የሚል ጥያቄ ነበር። ማንም አልሞተብንም አልን። “ታዲያ ሠርግ ነው?” አይደለም። “ቁልቢ ገና ነው እኮ!” እሱንም እናውቃለን። በመጨረሻ አከራያችን አንዳችንን ወደ ጥግ ሳብ አድርገው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ “ተጣልታችኋል እንዴ ልጆቼ?” አሉ።

አቦ! ሁለት የተጋቡ ሰዎች ጸጥ ያለ ቦታ ሄደው ለመቀመጥ የግድ አስከሬን ወይም ንግሥ ያስፈልጋቸዋል?

እኛ ድሬዳዋ ውስጥ በአንዲት ክፍል የኪራይ ቤት የምንኖር፣ ከተጋባን ሁለት ዓመት የሆነን ሰዎች ነን። ጎረቤት ሲያስነጥስ “ይማርህ” የምንለው አልጋችን ላይ ሆነን ነው። ይህን ስንል ግቢያችንን እያማን አይደለም። ሙቀቱ ሲበረታ ደጅ አብሮ ማምሸቱ፣ ቡናው፣ ሳቁ፣ የድሬ ልጅ የሚኮራበት ነገር ነው። ነገር ግን የግቢ ኑሮ አንድ የማይፈቅደው ነገር አለ፤ እሱም እንደ ሰው መጣላት። በሹክሹክታ መጣላት ምን ማለት እንደሆነ የኪራይ ቤት ሰው ያውቀዋል። ለአንዳችን አዲስ አበባ ሥራ ተገኝቶ ነበር። እንሂድ ወይስ እንቅር? ለሦስት ወር ይህን ጥያቄ እየተሻማን ሳይሆን እየሸሸነው ኖርን። አንዳችን ድምፅ ከፍ ስናደርግ ሌላችን “ኧረ ሰው ይሰማል” እንላለን፤ ጉዳዩም ተሸፍኖ ያድራል።

ስለዚህ ሚኒባስ ተሳፍረን ዳገቱን ወጣን። ታሪክ የሚወድ ሰው እንደሚያስታውሰው ድሬዳዋ ራሷ የዚህ ዳገት ልጅ ናት። ከጅቡቲ የመጣው ባቡር ወደ ሐረር ተራሮች መውጣት ስለከበደው በ1895 ዓ.ም. እዚህ ሜዳ ላይ ደረሰና ከተማዋ በጣቢያው ዙሪያ በቀለች። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ዳገቱ አናት ላይ ግን ወደ 2,000 ሜትር ይጠጋል። ከአንድ ሰዓት ባነሰ መንገድ ከቬንትሌተር ወደ ብርድ ልብስ ይኬዳል።

ያረፍንባት ቤት ሎጅ አይደለችም። በሰው በሰው ያገኘናቸው አንዲት የገበሬ ሚስት፣ ልጃቸው አግብቶ ከወጣ በኋላ ባዶዋን የቀረች፣ ከማሳው ጫፍ ያለች የጭቃ ቤት ናት። ፍራሽ፣ ፋኖስ፣ ባልዲ ውኃ፣ ራቅ ብሎ ንጹሕ መጸዳጃ፣ ከውስጥ የሚቆለፍ በር። ጠዋት ሆጃና የማሽላ እንጀራ። ለሁለት ሌሊት የከፈልነው ከተማ ውስጥ ደህና ሆቴል ለአንድ ሌሊት ከሚጠይቀው ያነሰ ነው።

በመጀመሪያው ሌሊት ምን አደረግን ብላችሁ ትጠይቁ ይሆናል። ተጣላን! ጮክ ብለን፣ እስኪወጣልን ድረስ። ከዚያ ብርድ ልብሳችንን ተከናንበን ደጅ ወጥተን ታች የሚያብረቀርቁትን የድሬን መብራቶች እያየን ለሦስት ወር ያላወራነውን እስኪነጋ አወራን። ምን እንደወሰንን የእኛ ጉዳይ ነው። የተወሰነው ግን ሰው ሳይሰማን ነው።

አሁን “ይሄ የፈረንጅ ነገር ነው” የሚል አይጠፋም። እስቲ ቀስ እንበል። “ጫጉላ” የሚለው ቃል ከየት መጣ? ገጠር ውስጥ ጫጉላ ለሙሽሮች ተለይቶ የሚዘጋጅ ቤት ነው። ቅርባችን ሐረር ደግሞ፣ በ1998 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት በተመዘገበው ጁገል ውስጥ፣ የጥንቱን የሐረሪ ቤት የጎበኘ ሰው “ኪርታት” የምትባለውን ጠባብ ክፍል ያስታውሳል። አዲስ ተጋቢዎች ከሰው ተከልለው የመጀመሪያ ቀናታቸውን የሚያሳልፉባት ክፍል ናት። ቤቱ ሙሉ ዘመድ፣ ሙሉ እንግዳ፤ በመሐሉ ግን ለሁለት ሰው ብቻ የተተወች ጥግ። አያቶቻችን ሁለት ሰው አንድ እንዲሆን ከፈለግህ መጀመሪያ ቦታ ስጠው ብለው ያምኑ ነበር ማለት ነው።

እኛ ግን ያንን ጥበብ ወስደን “የጫጉላ ሽርሽር” አደረግነው። በዕድሜ አንድ ጊዜ፣ በብድር፣ ለፎቶ። ከሠርጉ ማግስት ሁለት ሰው የሚጣላበት ምን አለው? ቦታ የሚያስፈልገው ከሁለት ዓመት በኋላ፣ ኪራይ ሲጨምርና ትዕግሥት ሲቀንስ ነው። ያን ጊዜ ግን የጫጉላ ጊዜ አልፏል ይባላል።

በ2012 ዓ.ም. ይፋ የሆነው “ገበታ ለሀገር” ጎርጎራን፣ ወንጪንና ኮይሻን ይዞ ተነሣ። ያማረ ነገር ሲሠራ አንቃወምም። ግን የመምህር ደመወዝ ያለው የድሬ ልጅ ወንጪ ደርሶ ለማደር ስንት ወር ያጠራቅም? ሌላም መንገድ እንዳለ አገራችን አይታለች። በ1990ዎቹ አጋማሽ በሰሜን ወሎ መቄት ወረዳ “ተስፋ” በሚባለው የማኅበረሰብ ቱሪዝም የገደል አፋፍ ላይ ጎጆዎች ተሠሩ። መቋት ማርያምን የመሰሉ ቦታዎች ገበሬው ራሱ እንግዳ የሚቀበልባቸው፣ ገቢውም ለማኅበረሰቡ የሚደርስባቸው ነበሩ። ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ የመጣው ጦርነትና ግጭት አካባቢውን ክፉኛ ጎዳው እንጂ ሐሳቡ አልከሸፈም። የጎደለው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ጎጆዎቹ የታሰቡት በዋናነት ለውጭ አገር እንግዳ ነው። ለእኛስ?

የምንጠይቀው ትልቅ ነገር አይደለም። ከደንገጎ እስከ ሐረማያ ባለው ደጋ ላይ ልጆቻቸው አግብተው የወጡላቸው፣ ባዶ ቤት ያላቸው ገበሬዎች አሉ። በጫት ዋጋ መውጣትና መውረድ ለሚንገላታ ቤተሰብ ሁለተኛ ገቢ ይሆናል። የከተማችን ባህልና ቱሪዝም ቢሮ ሎጅ ይሥራ አላልንም። ቤቶቹን አይቶ፣ ንጽሕናውንና ጸጥታውን አረጋግጦ፣ ስልክ ቁጥራቸውን ከዚራ ላይ በአንድ ሰሌዳ ቢለጥፍልን ይበቃናል።

“ወጣቱ ለብልግና ይጠቀምበታል” የሚሉ ታላላቆቻችን እንደሚኖሩ እናውቃለን። በአክብሮት እንመልስ። ብልግና ቦታ አጥቶ አያውቅም። ቦታ ያጣው ትዳር ነው።

ስንመለስ አከራያችን በር ላይ ጠበቁን። ሁለታችንንም ከላይ እስከ ታች ካዩ በኋላ “ታረቃችሁ?” አሉ። አዎ አልናቸው። ትንሽ ዝም ብለው ቆዩና፣ ከሠላሳ ዓመት በላይ በትዳር የኖሩት እኚህ ሴት፣ ባለቤታቸው እንዳይሰሙ ወደ ጆሯችን ጠጋ ብለው ጠየቁ።

“የሴትየዋ ስልክ አላችሁ?”