የክት ልብሳችንን ከሣጥን እናውጣ

ባለፈው ጥር፣ የገና እንግዶቻችንን ሸኝተን ቤት ስናጸዳ የእናቴን ሣጥን ከፈትን። ከታች በአሮጌ አንሶላ የተጠቀለለ አንድ የሐበሻ ቀሚስ ወጣ። አጎቴ ሲዳር የተሠራላት ነው፤ የለበሰችው ሁለት ጊዜ ብቻ ነው። ከዚያ ወዲህ «ለልጄ ሠርግ» እየተባለ ተቀምጦ ኖረ። ልጅየው እኔ ነኝ፤ ሠርጉ በዚህ ኑሮ መቼ እንደሚሆን ግን እኔም አላውቅም። አይጥ ደግሞ አልጠበቀችም፤ የቀሚሱን ጫፍ በልታ ጥለቱን ወንፊት አድርጋዋለች።

እናቴ አላለቀሰችም። ቀሚሱን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ ቀዳዳዎቹን በጣቷ እየነካካች ዝም አለች። እኔም እዚያው ቆሜ ቀረሁ። ኢኮኖሚክስ አራት ዓመት ተምሬ ለዚህ የሚሆን አንድ ቃል አጣሁ።

በእኛ ቤት ልብስ ሁለት ዓይነት ነው፤ የክትና የአዘቦት። ክቱ ለቤተ ክርስቲያን፣ ለሠርግ፣ ለዓመት በዓል ይወጣል። አዘቦቱ ያለቀ፣ የተጣፈ፣ የጠበበ ነው፤ ከሳምንቱ ቀን አብዛኛውን የምንኖረው ግን እሱን ለብሰን ነው። ይህ ልማድ ያለ ምክንያት አልመጣም። ጥጡ ተዳምጦ፣ ባዘቶ ሆኖ፣ በእንዝርት ተፈትሎ ሸማኔ ዘንድ እስኪደርስ የአንዲት ሴት የስንት ወር ማታ ያልቃል። በዓመት አንድ ልብስ የሚያገኝ ሰው ያንን ልብስ ቢሰስት አስተዋይ ነው፤ ቆጣቢ ነው እንጂ ሞኝ አይደለም።

ዛሬ ግን ነገሩ ተገልብጧል። ገበያ ብትወጡ እንደ ክምር የተቆለለ ሰልባጅ አለ፤ ልባሽ ጨርቅ አገር ውስጥ ማስገባት ክልክል ቢሆንም ማለት ነው። በሁለተኛው እጥበት የሚጠበው፣ በሦስተኛው የሚተረተረው አዲስ ልብስም ሞልቷል። የሣጥኑን ልማድ ይዘን ቀረንና አዘቦታችንን በዚህ ሞላነው። ደህናው ሣጥን ውስጥ ያረጃል፣ የማንወደው ገላችን ላይ ይውላል።

መጀመሪያ ራሴን ልውቀስ። በ2011 ስመረቅ በ2,800 ብር ሱፍ ገዛሁ፤ ግማሹ ብድር ነበር። የለበስኩት አራት ጊዜ ነው፤ ለምርቃት፣ ለአንድ ዘመዴ ሠርግና ለሁለት የሥራ ቃለ መጠይቅ (ከሁለቱም የጠራኝ የለም)። ሲካፈል አንዱ መልበስ 700 ብር ወጣ። እሱም ይሁን፤ ትከሻው ላይ ስለሚይዘኝ በለበስኩት ቁጥር የሌላ ሰው ቆዳ የተዋስኩ ይመስለኝ ነበር።

በዚያው ዓመት እናቴ ጋቢ አሠራችልኝ። ማጉን ራሷ ፈተለች፣ ድሩን ከገበያ ገዛን፣ ከሸማኔው ዋጋ ጋር ጠቅላላ 1,100 ብር ገደማ ሆነ። በዓመት 150 ማታ ለብሼዋለሁ ብል አላጋነንኩም። በስድስት ዓመት 900 ጊዜ ማለት ነው፤ አንዱ መልበስ አንድ ብር ከምናምን። የእናቴን ድካም ሳልቆጥር ነው ታዲያ፤ እሱ ከተቆጠረ ሒሳቡ ይፈርሳል።

ግን ጋቢውን የምወደው ስለረከሰ አይደለም። ላሊበላ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር አካባቢ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ ከበላይዋ ያለው አቡነ ዮሴፍ ደግሞ ከ4,200 ሜትር ያልፋል። የኅዳርና የታኅሣሥን ማታ የሚያውቅ ያውቀዋል። ቀጭን የፖሊስተር ጃኬት ለዚህ ብርድ ምንም አይደለም። ጋቢ አራት ድርብ ነው፤ ትከሻ ላይ ሲያርፍ ክብደቱ ራሱ ያሳርፋል። ደግሞ ያው አንድ ጨርቅ ስንት ሥራ አለው? ቤተ ክርስቲያን ስንገባ መስቀለኛ እናጣፋዋለን። ታላቅ ፊት ስንቆም እናደገድገዋለን። ነጠላ የተዘቀዘቀ እንደሆነ ሳይነገረን ሐዘን እንዳለ እናውቃለን። ሌሊት ብርድ ልብስ፣ መንገድ ላይ ትራስ ይሆናል። በስንት ጃኬት ነው ይህን የምንተካው?

ጓደኞቼ ግን ይስቁብኛል። «ባላገር መሰልክ፣ ሽማግሌ ሆንክ» ይላሉ። እነዚሁ ልጆች ገና ሲመጣ፣ ከስንት አገር በእግሩ የመጣው ምእመን ነጭ ለብሶ ከተማውን ሲሞላው፣ እነሱም ነጭ በነጭ ሆነው ቤተ ማርያም ላይ ቤዛ ኩሉ ሲባል ፎቶ ይነሣሉ። ያምርባቸዋል፣ እውነቴን ነው። በማግሥቱ ወደ ጃኬቱ መመለስ ነው። ቶርስታይን ቬብለን የሚባል አሜሪካዊ ኢኮኖሚስት በ1899 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ፣ ለልብስ ከምናወጣው ገንዘብ አብዛኛው ለሰው ዓይን እንጂ ለገላችን እንዳልሆነ ጽፎ ነበር። ላስታን ሳያይ ነው ይህን የጻፈው።

እስቲ ዋጋውንም እዩት። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ከውጭ የሚመጣው ጂንስና ጫማም ተከትሎ ወጣ። እንደ እኔ ቋሚ ደመወዝ የሌለው ሰው አሁን ተሳስቶ የሚገዛበት ብር የለውም።

ስለዚህ ምን አደረግሁ? ሱፉን ሰፊ ዘንድ ወሰድኩት። በረንዳ ላይ መኪናውን ዘርግቶ የሚሠራ ሰውዬ ነው፤ ኮቱን ገልብጦ ሲያይ ስፌቱ ውስጥ የተረፈ ጨርቅ አገኘ፣ ትከሻውን ለቀቀልኝ። «አንተ ልጅ፣ ይኸን ሁሉ ዓመት ታንቀህ ነው የኖርከው?» አለኝ። አሁን ኮቱን ማክሰኞም ረቡዕም እለብሰዋለሁ። በልኬ ያሰፋኋቸው ሁለት ሱሪዎች፣ ሦስት የጥጥ ሸሚዞች፣ አንድ ሹራብ፣ ጋቢዬና አንድ ኩታ አሉኝ። ሌላውን ሰጠሁ። ጠዋት ምን ልልበስ ብዬ የምቆምበት ጊዜ የለም፤ የቱንም ባነሣ የምወደው ነው።

አንድ ነገር ግን ሳልናገር ባልፍ ይቆጨኛል። «ነጭ ልብስ ሁልጊዜ ልበሱ» ማለት ለወንድ ቀላል ነው። ውሃ በጀሪካን በሚቀዳበት ቤት ያ ነጭ በማን እጅ ነው የሚነጣው? የእኔ ጋቢ ለዓመታት በእናቴና በእኅቴ እጅ ሲታጠብ ኖሯል። ጓደኞቼ ስለ ባላገርነት ሲስቁብኝ መልስ ነበረኝ፤ እኅቴ «መልበሱን ስትጽፍ ማጠቡንም ጻፍ» ስትለኝ ግን መልስ አልነበረኝም። አሁን ራሴ አጥባለሁ። ውሃ የጠጣ ጋቢ መጭመቅ ምን ማለት እንደሆነ ያወቅሁት በዚህ ዕድሜዬ ነው፤ ከዚያ ወዲህ መሬት ላይ ሳልጠነቀቅ ጥዬው አላውቅም።

የእናቴን ቀሚስም ለዚያው ሰፊ ወሰድነው። የተበላውን ጫፍ ቆርጦ ሌላ ጥለት ዞረበት፤ ትንሽ አጠረ፣ ለመራመድ ግን ተመቻት። እስክትለብሰው ሦስት ሳምንት ለመንኳት። «ምን በዓል አለና?» ትላለች። ባለፈው ቅዳሜ ወደ ገበያ ልትወጣ ስትል አየኋት፤ ለብሳዋለች። ጎረቤታችን ከበሯ ብቅ ብላ «እቴ፣ ሠርግ አለ እንዴ?» አለቻት። እናቴ ሳቀችና ዘንቢሏን አንሥታ ወጣች። ከላይ ግን ያቺን አሮጌ ነጠላዋን ደርባበታለች፣ ቀሚሱ እንዳይቆሽሽ።